ሜርሲ ብዬ የተራብኩ ማታ

ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ያከራዩኝ ሴትዮ እራት ጠሩኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቤታቸው ክሯ ሩስ የሚባል ኮረብታ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። እኔ የተከራየሁት ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለችውን ጠባብ ክፍል ነው። ያን ማታ ሁለት ጓደኞቻቸውም መጥተዋል። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ በክሬም የበሰለ ድንችና ሰላጣ ቀርቧል። ሽታው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ክፍሌ ድረስ እየመጣ ሲጠራኝ ነበር።

ማዳም የድንቹን ሳህን አንስተው ወደኔ ዘረጉት። እኔም በጨዋ ልጅ ፈገግታ "ሜርሲ" አልኩ። ሳህኑ በአፍንጫዬ ሥር አልፎ አጠገቤ ወደተቀመጡት ሴትዮ ሄደ። ዶሮው መጣ። "ሜርሲ!" አልኩ፣ አሁን ድምፄን ከፍ አድርጌ። ዶሮውም አለፈ። ሰላጣ በላሁ። ዳቦ በላሁ። ብዙ ዳቦ በላሁ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ እናቴ የቋጠረችልኝን ቆሎ በጨለማ ቆረጠምኩ።

ነገሩ የገባኝ ከቀናት በኋላ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ምግብ ሲቀርብልህ "ሜርሲ" ብቻ ብለህ ዝም ካልክ፣ ብዙ ጊዜ "ይቅርብኝ" ማለትህ ነው። እኔ በልቤ ያልኩት የእንግሊዝኛውን "ታንክ ዩ" ነበር፤ እጅ እየዘረጉ የሚባለውን። በዚያ ላይ የአገሬም ነገር አለበት። እኛ ቤት እንግዳ መጀመሪያ ይግደረደራል። ባለቤቷ "በሞቴ!" ትላለች። እንግዳው "ኧረ በቃኝ" ይላል። "አፈር ስሆን!" ትላለች። እንግዳው ይሸነፋል፣ ይበላል። እኔም ጉዳዩ ወደዚያ እስኪደርስ እየጠበቅኩ ነበር። ማዳም ግን ለእኔ ብለው አፈር የመሆን ሐሳብ አልነበራቸውም። አልፈልግም ያልኩ መስሏቸው አከበሩኝ። አክብሮት እንደዚያ ሲያስርብ አይቼ አላውቅም።

ምን ልሠራ እዚያ እንደሄድኩም ልናገር። አዲስ አበባ የተማርኩት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። በፈረንጆቹ መስከረም 2022 ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ፈረንሳይ ተሻገርኩ። የምማረውም ያንኑ እንግሊዝኛ ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ "ጨው ለመግዛት እህል በረንዳ ትሄጃለሽ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር የተቀበለኝም ኪሴ የቻለውም እሱ ነው።

ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ከበሩ ስወጣ ፈረንሳይኛ። ፈረንሳይኛዬ ደግሞ አዲስ አበባ፣ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ፣ በጥቂት ወራት የቃረምኩት ነው። በተረፈ ማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ ሳያውቅ የሚያውቀው ፈረንሳይኛ አለኝ። ለገሃር። "ላ ጋር" ማለት ባቡር ጣቢያ ነው፤ በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ይዞልን የመጣ ቃል። ቢሮም ከእነሱ ነው። ስለዚህ ሊዮን ስወርድ ባቡር ጣቢያውንና ቢሮውን መጠየቅ እችል ነበር። "ጨው ያቀብሉኝ" ማለት ግን አልችልም።

ትምክህቴ ሁሉ እንግሊዝኛዬ ላይ ነበር። የእንግሊዝኛ ተማሪ 1066ን ያውቃታል። የኖርማንዲው ዊልያም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ያዘ። ቤተ መንግሥቱ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ተናገረ። ከብቱን የሚጠብቀው ገበሬ በእንግሊዝኛ ጠራው፣ ሥጋውን የሚበላው ጌታ በፈረንሳይኛ። ስለዚህ በረት ውስጥ "ካው"፣ ሳህን ላይ "ቢፍ"። መስክ ላይ "ሺፕ"፣ ሳህን ላይ "ማተን"። ይህን በፈተና ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። (ነገሩ መምህራን እንደሚያሳጥሩት ቀጥ ያለ አይደለም። "ቢፍ" ለእንስሳውም ለራሱ ያገለገለበት ጊዜ ነበር። ፈተና ላይ ግን ይህን የሚጽፍ ሰው ነጥብ አያገኝም።)

ክሯ ሩስ ካለው ሥጋ ቤት መጀመሪያ የገባሁ ቀን የፈተና መልሴ መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በፍ። ሙቶን። ቮ። ፖር። እያንዳንዱ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ስም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደግሞ አንድ ነገር ገረመኝ። ፈረንሳዩ በሬ እየሄደም "በፍ" ነው፣ ተጠብሶም "በፍ" ነው። እንደኛው በሬ። በሬ ታርዶም የበሬ ሥጋ እንጂ ሌላ ስም አያወጣም። እንግሊዝኛው ነው በሬውን በረት ውስጥ ትቶ ጠረጴዛ ላይ በሌላ ስም የሚቀበለው። ከአማርኛ ብነሳ ኖሮ የሚያስገርመኝ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ያኔ ግን ይህን ልብ አላልኩትም።

እንግሊዝኛዬን አምኜ ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ ልንገራችሁ? ገበያ ሄጄ ዘቢብ ፈልጌ "ሬዛን" አልኩ። አንድ ኪሎ ወይን መዘኑልኝ። ዘቢብ ለካ "ደረቅ ሬዛን" ነው። ምግብ ቤት ውስጥ "ኦንትሬ" የሚለውን እንደ አሜሪካኖቹ ዋናው ምግብ መስሎኝ አዘዝኩ፤ ሦስት ቅጠልና ግማሽ እንቁላል መጣ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተጻፈው "ፓን"፣ ዳቦ ማለት፣ በእንግሊዝኛ ዓይን ሲነበብ "ፔይን"፣ ሕመም ነው። አንድ ጠዋት ደግሞ የማዳም ሬዲዮ ፉርቪየር መሿለኪያ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር "ቡሾን" አለ ሲል ሰማሁ። ቡሾን የሊዮን ባህላዊ ምግብ ቤት ስም ነው። አምስት ኪሎ ሜትር የተደረደረ ምግብ ቤት! ቅዳሜ ልሄድ ሁሉ አሰብኩ። ቡሾን ለካ የጠርሙስ ክዳንም ነው፣ የመኪና መጨናነቅም ነው።

እውነተኛው ቡሾን ውስጥስ ቢሆን? ሊዮን የሆድ ዕቃ አገር ነው። ዱለት ወዳጅ ሰው እዚያ አይቸገርም። ጨጓራውን በዳቦ ፍርፋሪ ለውሰው ይጠብሱና "የምሽግ ቆፋሪ ወታደር ሽርጥ" ይሉታል። ሜኑው ላይ "የሸማኔ አንጎል" የሚል አየሁ። ክሯ ሩስ የሐር ሸማኔዎች ሠፈር ነበር፤ በ1831 ያመፁት እነሱ ናቸው። አንጎላቸውን ግን ለምን እንበላለን? አስተናጋጁ ይዞ የመጣው አይብ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል የገባበት፣ ቅመም የነካውን አይባችንን የሚመስል። ጓደኞቼ ደግሞ "ስቴክ ታርታር" ሳዝ ተሯሩጠው ሊያስጥሉኝ ሞከሩ። "ጥሬ እኮ ነው!" አሉኝ። እኔን! የቁርጥ አገር ልጅ! በደቃቁ የተከተፈ ሥጋ፣ ላዩ ላይ የእንቁላል አስኳል። ቅቤና ሚጥሚጣ ቢያገኝ ክትፎ በሆነ ነበር።

እንቁላል ካነሳሁ፣ እንቁላል ብቻውን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አንዱ እንቁላል "ኧፍ" ነው። ሲበዛ "ኧ" ብቻ። መጨረሻው ላይ ያለችው "ፍ" ትጻፋለች፣ ግን አትነገርም። እንቁላሉ ሲበዛ ድምፁ ይቀንሳል። ስድስት እንቁላል "ሲ ዘ" ነው የሚባለው። እኔ ሁሉን ፊደል አንብቤ "ሲስ ኧፍስ" ስል የገበያዋ ሴትዮ በትዕግሥት ታርመኛለች። እንቁላሉን የምትሰጠኝ ግን በትክክል ካልኩ በኋላ ነው።

ፈረንሳይኛ በደንብ ያስተማረኝ ማን እንደሆነ ብትጠይቁኝ መምህር አልጠራም። ጾም ነው።

ፈረንሳይኛ "ዳቦ በላሁ" ብሎ አያልፍም። "ከዳቦው ጥቂት በላሁ" እንደማለት ያለ ቃል ከፊቱ ያስገባል። ለወንዴው "ዱ"፣ ለሴቴው "ድ ላ"። ዓረፍተ ነገሩ አሉታ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ተጠቅልሎ "ድ" ብቻ ይቀራል። እንግሊዝኛ "ሰም" የሚላት አለችው፣ ግን ብትተዋትም አይከፋውም። አማርኛም እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ስለዚህ ይህቺን ሕግ በቃሌ አውቃታለሁ፣ አፌ ግን እምቢ አለ። የመልመጃ ወረቀቴ በቀይ እስክሪብቶ ተሞላ።

ከዚያ ኅዳር መጣ፤ ጾመ ነቢያት ገባ። ዩኒቨርሲቲው ካፌ ውስጥ ተማሪ ያን ጊዜ በ3 ዩሮ ከ30 ሳንቲም ትሪ ሙሉ ይበላል። ትሪዬን ይዤ ቆምኩ። ምን ልበል? "ሥጋ አልበላም" ስል ዓሣ ያቀርቡልኛል። እሱንም እምቢ ስል አይብ ይጨምሩልኛል፣ አዝነውልኝ። የምስር ሰላጣ አይቼ እልል ልል ስል ውስጡ የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ አገኘሁ። ምስሩ እኮ አገሩ ነው፤ ከሊዮን ደቡብ ምዕራብ የሌ ፑይ አረንጓዴ ምስር ይታወቃል። ግን ብቻውን አይተዉትም።

ስለዚህ በየቀኑ፣ ሰልፍ ከኋላዬ እያጉረመረመ፣ መዘርዘር ነበረብኝ። ፓ ድ ቪያንድ፣ ሥጋ የለም። ፓ ድ ሌ፣ ወተት የለም። ፓ ድ በር፣ ቅቤ የለም። ("በር" ማለት ቅቤ ነው። "በር አልበላም" ስል ለራሴም ይገርመኝ ነበር።) ሳምንት ሳይሞላ "ድ" አፌ ላይ ተተከለች። መምህሬ በቀጣዩ ፈተና የአሉታውን ክፍል ሙሉ ለሙሉ እንዳገኘሁት አይታ "እንዴት አጠናሽ?" አለችኝ። "ጾሜ" አልኳት። ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው።

ያን ሰሞን ያኖረችኝ ባጌት ናት። ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም። በ1993 የወጣ ደንብ አላቸው። "ትራዲሲዮን" ተብላ የምትሸጥ ዳቦ በዱቄት፣ በውሃ፣ በጨውና በእርሾ እንድትሠራ፣ ማቆያ ኬሚካል እንዳይገባባት፣ ሊጡም በረዶ ውስጥ እንዳይቀመጥ ያዛል። ደንቡን ያወጡት ዳቦአቸውን ከፋብሪካ ለማዳን ነው። እኔ ግን ሳነበው የታየኝ ሌላ ነው፤ መንግሥት በአዋጅ የጾም ምግብ አረጋገጠልኝ። ክሯሳ ቅቤ ነው፣ ብሪዮሽ እንቁላል ነው፣ ባጌት ግን የጾም ናት። ኅዳር 30፣ 2022 ረቡዕ ቀን ዩኔስኮ የባጌትን አሠራርና ባህል በቅርስነት መዘገበ። በእኛ ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም ነበረች። ማዳም ዜናውን ሊነግሩኝ ክፍሌን ሲያንኳኩ ባጌት በሽሮ እየበላሁ ነው ያገኙኝ።

"ይህ ምንድነው?" አሉ ሽሮውን እያዩ። አቀመስኳቸው። ዳቦ ቆርሰው፣ ነክረው፣ የድስቱን ታች ጠርገው በሉ። ለዚህም ቃል እንዳላቸው ያን ቀን ነገሩኝ፤ "ሶሴ"። ሳህን ላይ የቀረውን ስጎ በዳቦ መጥረግ። በትልቅ ግብዣ ላይ ነውር ነው ይላሉ፣ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ያደርገዋል። እኛ በእንጀራ የምናደርገው ምን ሆነና! ዳቦውንም ሳህን ላይ ሳይሆን እዚያው ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ገልብጦ ማስቀመጥ ግን አይወዱም፤ መዓት ይጠራል ይባላል። አንድ ጊዜ ገልብጬ አስቀምጬ ማዳም ምንም ሳይናገሩ አቃኑት። አያቴ መሬት የወደቀ እንጀራ ስታነሳ የምታሳየው ፊት ነበር ፊታቸው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ተቀራረብን። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ አብረን እንበላ ጀመር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ይጀመራል፣ እስከ ስምንት የሚነሳ የለም። ምግቡ በተራ ነው የሚመጣው። መክፈቻ፣ ዋና፣ አይብ፣ ጣፋጭ፣ መጨረሻ ላይ ቡና። ይህን የአበላል ሥርዓት ራሱን ዩኔስኮ በ2010 መዝግቦላቸዋል። እኔ ከአንድ ትሪ ሁሉን ባንዴ የለመድኩ ሰው መጀመሪያ ጭንቅ ነበር። ቡናዬን ከጣፋጩ ጋር ስጠይቅ ማዳም "ይመጣል፣ ይመጣል" ይላሉ። አንድ ሲኒ ብቻ ነው ደግሞ። ቶናና በረካ የሚባል ነገር የለም። ይህን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።

ከምሳ በኋላ ቁልቁለቱን ወርደን ሩ ሯያል በሚባለው መንገድ በኩል እናልፋለን። ዩዤኒ ብራዚዬ በ1921 ምግብ ቤቷን የከፈተችው እዚያ ነው። የገጠር ልጅ ነች፣ በሰው ቤት ሠርታለች። በ1933 ሁለት ምግብ ቤቶቿ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት የሚሽላን ኮከብ፣ የምግብ ቤቶችን ትልቁን ማዕረግ፣ አገኙ። ስሙ ዓለምን የሞላው ምግብ አብሳይ ፖል ቦኪዩዝ በወጣትነቱ እሷ ዘንድ ሠርቷል። ሊዮን እንደሷ ያሉትን ሴቶች "ሜር"፣ እናት፣ ብሎ ነው የሚጠራቸው። በባለቤቷ ስም የሚጠራ ክትፎ ቤት ለምናውቅ ሰዎች ይህ ማብራሪያ አይፈልግም።

ስለ አጠራር ካነሳን፣ ጥር ውስጥ አይብ እየበላን ማዳም "ከእንግዲህ አንቺ በይኝ" አሉ። ፈረንሳይኛ እንደኛው አንተና እርስዎ አለው፤ "ቱ" እና "ቩ"። "ቩ" ብዙ ሰውም ነው፣ አንድ የተከበረ ሰውም ነው። እንግሊዝ አገር ያደገችው የክፍል ጓደኛዬ በዚህ ዓመቱን ሙሉ ተሰቃይታለች፤ ቋንቋዋ "ዛው" የሚለውን የድሮ "አንተ" ከጣለ ቆይቷል። እኔ ግን "ይብሉ" ማለትን በአፌ ይዤ ያደግኩ ነኝ። ግሱ የብዙ፣ ሰውዬው አንድ። ምንም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ዳቦ ቤት የሚሸጠውን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ "እርስዎ" ማለት ነው። ያስቸገረኝ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት "አንቺ" ማለት ነው። ሞከርኩ። ምላሴ ተያያዘ። በመጨረሻ እሳቸው አንቺ ሊሉኝ፣ እኔ እርስዎ ልላቸው ተስማማን። ለጓደኞቻቸው "እንደ አገሯ ነው" ብለው ያስረዱልኛል።

ጥጋብም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ቅዳሜ ሆዴ ሞልቶ "ዠ ስዊ ፕሌን" አልኩ፤ ሞልቻለሁ ለማለት። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። "ፕሌን" ለከብት ሲባል ያረገዘች ማለት ነው። ትክክለኛው "በደንብ በልቻለሁ" ነው አሉኝ፤ "ዤ ቢያን ማንዤ"። እኔም ባማርኛ ጠገበ ማለት ባለጌ ሆነ ማለትም እንደሆነ ነገርኳቸው። ይህን በጣም ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ዜና ላይ ሚኒስትር ሲያዩ "ጠግቧል" ይላሉ።

የካቲት 21፣ 2023 ማክሰኞ ማዳም በጠዋት ዘይት አጋሉ። "ማርዲ ግራ" ነው፤ የስቡ ማክሰኞ። ከጾም በፊት ያለው መጨረሻ ቀን። በሊዮን ለዚህ ቀን "ቡኝ" የሚባል ስስ ሊጥ በዘይት ጠብሰው ስኳር ይነሰንሱበታል። ነገሩን ሲነግሩኝ "ቅበላ!" ብዬ ጮህኩ። ፊታቸው በራ። አያታቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንደማይበሉ፣ ያን ቀን "ከሲታ ቀን" ይሉት እንደነበር ነገሩኝ። ሳህኑን ዘረጉልኝ። ችግሩ የእኛ ቅበላ እሁድ ማለፉ ነው። ዐቢይ ጾም ሰኞ ገብቷል። ሊጡ ውስጥ እንቁላልና ቅቤ አለ። ያን ጠዋት "ሜርሲ" ያልኩት በትክክለኛ ትርጉሙ ነበር። ማዳም ሳህኑን ያዙና ቆሙ። "መቼ ነው የምትፈቺው?" አሉ። "ሚያዝያ 16" አልኳቸው በእነሱ አቆጣጠር። ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ካላንደር አከበቡት።

የእነሱ ፋሲካ ሚያዝያ 9 ዋለ። ልጆቻቸው መጡ፤ የበግ ታፋ፣ "ዢጎ"፣ በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ ቀረበ። ለኔ ሆሣዕና ነበር። ምስሬን ይዤ አብሬያቸው ተቀመጥኩ፣ ሽታውን ግን ማንም ሊያስጾመኝ አልቻለም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። "ሲ ዘ" አልኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና ሰባት አድርጋ ጠቀለለችልኝ። እሁድ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሬ በባቡር ስመለስ ነግቷል። ማዳም የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ ወጥ ቤት ናቸው። ከታፋው ግማሹን ደብቀው፣ በረዶ ውስጥ አስቀምጠውልኝ ነበር። ምድጃው በርቷል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ በፈረንሳይ ሕግ በዚያ ሰዓት በግ አይበላም። ሳህኑን ወደኔ ዘረጉት።

"ዠ ቨ ቢያን" አልኩ። እፈልጋለሁ።

ቆረሱልኝ። አልበቃቸውም፣ ደገሙልኝ። ዳቦውን ቆርሼ ስጎውን ጠረግኩ። ሦስተኛውን ሲያነሱ እጄን ሳህኑ ላይ ጋርጄ "ኧረ በቃኝ" አልኩ፣ ባማርኛ፣ ሳላስበው። እሳቸው እጄን አንስተው ጨመሩበት።